የባለ ሦስት ጣቱ ወታደር ስም

አፀደ ከዙሪክ ወደ ጄኔቭ የሚሄደው ባቡር ላይ እንደተቀመጠች መጀመሪያ ያየችው የስልኳ ድምፅ መከፈቱን ነው። ትንሽ ቆይታ ደግሞ አየችው። በርን ከተማ እስክትደርስ ስንት ጊዜ እንዳየችው እሷም አታውቅም።

ዙሪክ፣ ዜባህ ሰፈር ያለው ቤቷ ውስጥ እናቷ ወይዘሮ ብዙነሽ ተሻገር በዘጠና ዓመታቸው ልባቸው ደክሞ ተኝተዋል። ማክሰኞ ዕለት ሐኪሙ ኮሪደር ላይ ጠርቶ፣ «ሳምንት ብዬ ባጽናናሽ ደስ ባለኝ፤ የቀናት ጉዳይ ነው» ብሏታል። እሷ ደግሞ በሐሙሱ ጥላቸው እየሄደች ነው። ሂጂ ያሏት ራሳቸው ናቸው።

«ሂጂ። እኔ እጠብቅሻለሁ።»

«እማዬ፣ ብትደክሚብኝስ?»

«ዘጠና ዓመት የጠበቀ ሰው አንድ ቀን ያቅተዋል?»

የሚጠብቁት የአባታቸውን ስም ነው።

ተሻገር ኅሩይ የላስታ ሰው ነው። በጎረምሳነቱ መረብን ተሻግሮ ለጣሊያን ወታደርነት ገባና በመርከብ ሊቢያ፣ ትሪፖሊ ወረደ። አንደኛው የዓለም ጦርነት እዚያ አገኘው። ሁለት ጣቱን እዚያው ትቶ አገሩ ገባ። ዘግይቶ አገባ፣ ዘግይቶም አንዲት ሴት ልጅ ወለደ። የልጅቱን ክርስትና በሰማንያ ቀኗ አስነሳ። በሳምንቱ «ጣሊያን መጣ» ተባለና ዘመተ። ከዚያ ወዲህ ዓይኑን ያየ የለም። አንዱ ማይጨው ላይ ወደቀ ይላል። አንዱ ሱዳን ተሰደደ ይላል። ሌላው ደግሞ፣ ወይዘሮ ብዙነሽ በሌሉበት ነው እንጂ፣ ወደ ድሮ ጌቶቹ ተመልሶ ባንዳ ሆነ ይላል።

ወይዘሮ ብዙነሽን ያስጨነቃቸው ግን ይሄ አይደለም። ተሻገር የዓለም ስሙ ነው። ካህን ለሙት ሲጸልይ የሚጠራው የክርስትና ስም ነው። የክርስትና ስም ደግሞ በዚያ ዘመን እንደ ገመና ይደበቃል፤ ክፉ ሰው ሰምቶ መተት እንዳያሠራበት ከወላጅ፣ ከክርስትና አባት ወይም እናትና ከንስሐ አባት አያልፍም። የተሻገርን ስም የያዙት ሰዎች ሁሉ ተራ በተራ አለቁ። የወይዘሮ ብዙነሽ እናት ልጃቸው አራት ዓመት ሳይሞላት ሞቱ፣ የንስሐ አባቱም በዘመቻው ቀሩ። እንዲህ ሆኖ፣ ይሄን ሁሉ ዘመን ለተሻገር አንድ ቀን እንኳን በስሙ ተጸልዮለት አያውቅም።

«እዚያ ስሄድ በምን ስም ልጠይቀው?» ይላሉ ወይዘሮ ብዙነሽ። «ተሻገር ብል ማን ያውቅልኛል?»

አፀደ መጀመሪያ ስትሰማው ሳቅ ብላ ነበር ያለፈችው። እሷ ቤተ ክርስቲያን የምትሄደው እናቷን ለማድረስ ነው። ቄሱ፣ ቀሲስ ቃለጽድቅ፣ አንድ ቀን ደጅ ላይ ብቻዋን አግኝተዋት «የክርስትና ስምሽ ማነው ልጄ?» ቢሏት፣ «አባ፣ ትራሙ እንዳያመልጠኝ» ብላ ሮጣለች። አታውቀውማ። ጠይቃም አታውቅ። ግን እናቷ ያቺን ነገር በሳምንት በሳምንት ሲደጋግሟት፣ ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ቅዳሜ ቁጭ ብላ ደብዳቤ መጻፍ ጀመረች።

አፀደ የተማረችው እስከ ስምንተኛ ክፍል ነው። ሃያ ዘጠኝ ዓመት የሠራችው ከዙሪክ አጠገብ ዲቲኮን ባለ የአረጋውያን ቤት፣ የልብስ እጥበቱ ክፍል ውስጥ ነው። እዚያ እያንዳንዱ ሸሚዝ አንገቱ ላይ የባለቤቱ ስም የተሰፋበት ጨርቅ አለው። በእጥበት ብዛት ጨርቁ የተላቀቀበት ልብስ አንድ ትልቅ ሳጥን ውስጥ ይጣላል። ሌሎቹ ሠራተኞች ሳጥኑ ሲሞላ ይበቃል ብለው ለምጽዋት ይሰጡታል። አፀደ ግን በምሳ ሰዓቷ ሳጥኑን ትገለብጣለች። ይቺ ቁልፍ በጥቁር ክር ተተክላለች፤ ጥቁር ክር የምትወደው የሁለተኛው ፎቅ ሴትዮ ናት። ይሄ የግራ ክርኑ ብቻ አልቋል፤ ዊልቸር ላይ የሚደገፈው ሰውዬ ነው። እንዲህ እያለች ባለቤቱን ታገኛለች። አለቃዋ «አንቺ ፖሊስ መሆን ነበረብሽ» ይላት ነበር።

ሮም ያለው የጦር ማህደር ከዓመት ከመንፈቅ በኋላ መልስ ላከላት። ተሻገር ኅሩይ፣ ላስታ፣ ትሪፖሊ የዘመተ፣ ግራ እጁ ቆስሎ ሁለት ጣት ያጣ፣ ተሰናብቶ አገሩ የገባ። ወረቀቱን ይዛ ስታነብላቸው ወይዘሮ ብዙነሽ አለቀሱ። «በሦስት ጣት ነበር ዋንጫ የሚይዘው፣ እናቴ ብላለች አሉኝ» አሉ። የክርስትና ስም ግን የለበትም።

ከሁለተኛው ጦርነት ደግሞ ምንም የለም። ጄኔቭ የምርኮኞች ማህደር የያዘ ቤት አለ፤ እዚያ ሦስት ጊዜ ጻፈች፣ ሦስቴም «በዚህ ስም የተመዘገበ ሰው አላገኘንም» አሏት። በሦስተኛው ማታውን ሙሉ ስትናደድ አምሽታ፣ ጠዋት ላይ ያ ሳጥን ትዝ አላት። በአራተኛው ደብዳቤ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ እባካችሁ በስሙ አትፈልጉት፤ በእጁ ፈልጉት።

በአሥራ አንደኛው ቀን ማዳም ሮሻ የምትባል የማህደሩ ሠራተኛ ደወለች። «ሐሙስ በሰባት ሰዓት ይምጡ። የማሳይዎት ነገር አለ።»

*

ጄኔቭ ጣቢያ የጠበቃት ጋሽ ስምዖን ነው። አርባ ዓመት ጄኔቭ የኖረ፣ ከፖስታ ቤት ጡረታ የወጣ ሰው ነው። አፀደ ፈረንሳይኛ ስለማትችል ለአስተርጓሚነት ለምናዋለች።

«ሁለት ደቂቃ ዘገየሽ!» አላት ገና ከሩቁ። «እናንተ ዙሪኮች ደግሞ በሰዓት ስትኩራሩ!»

«ጋሽ ስምዖን፣ ዛሬ ቀልድ አልችልም።»

«እንዴት ናቸው?»

«ጠዋት ሁለት ማንኪያ ውሃ ጠጣች። በቃ።»

ከዚያ በኋላ አልቀለደም። አውቶቡሱ ላይ ግን አንድ ነገር ሲያላውሰው ቆየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አፅዬ፣ አይበልብንና ባንዳ ሆኖ ብናገኘውስ? ትነግሪያቸዋለሽ?»

አፀደ በመስኮቱ አሻግራ አየች። ይሄን ጥያቄ ሦስት ዓመት ይዛው ኖራለች።

«ስሙን ነው ያለችኝ» አለች በመጨረሻ። «ስሙን ይዤ እሄዳለሁ።»

ማዳም ሮሻ አጭር፣ ፀጉሯ የሸበተ፣ ፈጣን ሴት ናት። አንዲት ጠባብ ክፍል አስገባቻቸውና ጠረጴዛው ላይ ረጅም ዝርዝር ዘረጋች። በ1941 በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ጎንደር፣ ጣሊያኖች በያዙት ሆስፒታል ተኝተው የነበሩ ሠላሳ ሰባት ቁስለኞች ናቸው። ጋሽ ስምዖን መነጽሩን አጥልቆ ርዕሱን አነበበና ቀና አለ።

«ምርኮኞች ናቸው! የጣሊያን ምርኮኞች። ከአርበኛውና ከእንግሊዙ ጦር ጋር ሆነው ሲዋጉ የተያዙ። አፅዬ፣ እዚህ ውስጥ ካለ ባንዳ አይደለም!»

«ካለ» አለች አፀደ። ጣቷን ዝርዝሩ ላይ አድርጋ መውረድ ጀምራለች። በላቲን ፊደል ነው የተጻፈው። ወልደ ገብርኤል። ገብረ ሥላሴ። ኃይለ ማርያም። ተክለ ሐዋርያት። ወልደ ሐና። ጣቷ መሐል ላይ ቆመ።

«ጋሽ ስምዖን፣ አንድ ደምሴ አየህ? አንድ ካሳ? አንድ በላቸው?»

«የለም።»

«ሠላሳ ሰባት ወታደር ተሰብስቦ አንድ በላቸው ይጠፋል?»

ጋሽ ስምዖን ዝርዝሩን ወደ ራሱ ጎተተው። አየ። ወደ ማዳም ሮሻ ዞሮ በፈረንሳይኛ አንድ ነገር ጠየቃት። እሷ የወረቀቱን ግርጌ አሳየችው። እዚያ በትንንሽ ጽሕፈት፣ ዝርዝሩን ከቁስለኞቹ አፍ የጻፈው አብሮ የተማረከ ቄስ መሆኑ ሰፍሯል።

«በይ ስሚ» አለ ጋሽ ስምዖን፤ ሳቁም እንባውም አንድ ላይ መጣበት። «ቆስለህ ተኝተሃል። ቄስ አጠገብህ መጥቶ ወረቀት ይዞ ስምህ ማነው ካለህ፣ ምን ትላለህ?»

«የክርስትና ስሜን» አለች አፀደ። «ሊጸልዩልኝ ነው ብዬ።»

ስምንተኛ ክፍል የደረሰ ሰው ቀርቶ ፕሮፌሰር ቢፈልገው፣ ተሻገር ብሎ እዚህ አያገኘውም ነበር። ማዳም ሮሻ ሲተረጎምላት አፏን በእጇ ያዘች። ለካ በዚህ ዝርዝር ውስጥ ስንት ቤተሰብ ዘመዱን በዓለም ስሙ ሲፈልግ ኖሯል።

ከዚያ ሁለት ካርዶች ጎን ለጎን አስቀመጠች። «በእጁ ፈልጉት ባሉን መሠረት» አለች፣ «ያገኘነው እነዚህን ሁለቱን ነው።»

ጋሽ ስምዖን አነበበ። «ወልደ ሰማዕት። ላስታ። ግራ እጁ ሁለት ጣት የለውም፣ የቆየ ቁስል። ሆዱን በጥይት ተመቶ በዘጠነኛው ቀን ሞተ። ቤተሰብ፦ ሴት ልጅ፣ ወለተ ጼዴንያ።» ሁለተኛውን አነሳ። «ገብረ ማርያም። ላስታ። ግራ እጁ ሁለት ጣት የለውም…»

«ሁለቱም ላስታ?»

«ሁለቱም። ምን ዓይነት አገር ነው፣ ጣት ሁሉ እዚያ ነው እንዴ የሚቀረው!» ድምፁ ግን አልሳቀም። «በዚያው ወር ሞተ። ቤተሰብ፦ ሴት ልጅ፣ ወለተ ሐና። ዕድሜ አልተጻፈም። ትሪፖሊም አልተጻፈም።»

አፀደ ከአንዱ ካርድ ወደ ሌላው አየች። ሁለት ሸሚዝ ከሳጥን ወጥቶ፣ ሁለቱም በጥቁር ክር ቁልፍ የተተከለባቸው ሆኑባት።

«የእማማ ብዙነሽ የክርስትና ስም ማነው?» አላት ጋሽ ስምዖን።

«አላውቅም።»

«እንዴት አታውቂም? እናትሽ!»

«አትነግርማ! ለመኖሪያ ፈቃዷ ፎርም ስሞላ እንኳን ሌላ ስም አለሽ ወይ ብላት፣ ለመንግሥት ብዬ አልሸጠውም ያለች ሴትዮ ናት።»

ጋሽ ስምዖን ሰዓቱን አየ። ስምንት ሰዓት ተኩል ሊሆን ነው። ወደ ዙሪክ የሚመለሰው ባቡር ዘጠኝ ተሩብ ላይ ነው። ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ።

«እኔ የምልሽ፣ ወልደ ሰማዕት ነው በያቸው። ደስ ይላል ስሙም። ከእንግዲህ ማን ያጣራል? ደስ ብሏቸው ይሂዱ።»

አፀደ ቀና ብላ አየችው። ተቆጥታ አይደለም።

«ጋሽዬ፣ ሃያ ዘጠኝ ዓመት የአንዱን ሸሚዝ ለሌላው ሰጥቼ አላውቅም።»

ደወለች። የቪዲዮ ጥሪውን ያነሳችው ልጇ ኤዶም ናት። እዚያው ዙሪክ የተወለደች፣ አማርኛዋ ውስጥ ጀርመንኛ የምትቀላቅል፣ አያቷን ለመጠበቅ ከሥራ የቀረች።

«ማሚ! አልዞ… አያቴ ዓይን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። ከሽፒቴክስ የቤት ለቤት ነርሷ መጥታ ነበር። መተንፈስ ትንሽ… እንዴት ይባላል… አጭር ሆኗል አለች።»

«ስልኩን ስጫት።»

ኮሽታ ተሰማ። ቪዲዮው የዜባህን ቤት ጣሪያ ብቻ ነው የሚያሳየው። ከዚያ ቀጭን ድምፅ መጣ።

«አገኘሽው?»

«እማዬ፣ ሁለት ሰው አገኘሁ። አንዱ አባትሽ ነው። የትኛው እንደሆነ የሚለየው በልጁ ስም ነው። በክርስትና ስምሽ። ንገሪኝ።»

ስልኩ ላይ የሚታየው ጣሪያ ወዝወዝ አለ።

«እማዬ?»

«በስልክ?»

«ሌላ መንገድ የለኝም። እዚያ ደርሼ ልመለስ ብል…» ጨርሳ አልተናገረችውም።

«አንቺ አንብቢልኝ እንጂ፣ እኔ ይሄኛው ነው እልሻለሁ።»

አፀደ ዓይኗን ጨፈነች። ማንበቡ ቀላል ነው። ግን እናቷን ታውቃለች፤ ዘጠና ዓመት የጓጓ ሰው፣ መጀመሪያ የሰማውን ስም የኔ ነው ሊል ይችላል። ውሸት ብሎ ሳይሆን ጓጉቶ።

«አይሆንም እማዬ። አንቺ በይኝ። የፈለግሽው አባትሽን እንጂ ስም ብቻ አይደለም።»

ትንፋሹ ብቻ ይሰማል። ገባ፣ ወጣ። ጋሽ ስምዖን ጥፍሩን መብላት ጀምሯል።

«ማን አለ አጠገብሽ?»

«ጋሽ ስምዖን።»

«ይውጣ።»

ጋሽ ስምዖን ሳያንገራግር ወጣ።

«ሌላስ?»

«አንዲት ነጭ ሴትዮ። አማርኛ አትሰማም።»

«ትውጣ።»

«እማዬ፣ ቢሮው የሷ ነው እኮ!»

«ትውጣ ብያለሁ!»

ማዳም ሮሻ በምልክት ተለምና፣ ግራ እንደተጋባች ከገዛ ክፍሏ ወጣች። ከዚያ ከስልኩ ውስጥ «ኤዶም፣ አንቺም» የሚል ተሰማ፤ በር ተዘጋ። አፀደ ስልኩን ጆሮዋ ውስጥ ልትከተው እስኪመስል ጫነችው።

ወይዘሮ ብዙነሽ ያን ከክርስትና እናታቸው ተቀብለው ዕድሜያቸውን ሙሉ የሸሸጉትን ስም አንድ ጊዜ ብቻ፣ እንደ ትንፋሽ አድርገው ተናገሩት።

«ወለተ ጼዴንያ።»

አፀደ ቀኝ እጇ የቱ ካርድ ላይ እንዳረፈ አየች። ልትናገር አፏን ከፈተች።

«እማዬ፣ አባትሽ…»

«ዝም በይ! እንዳትነግሪኝ! የአባቴን ስም በሽቦ? አወቅሽው?»

«አወቅኩት።»

«እንግዲያው ይዘሽልኝ ነይ።» ስልኩ ተዘጋ።

*

አፀደ ወደ ዙሪክ በሚመለሰው ባቡር ተሳፈረች። የካርዱን ቅጂ በቦርሳዋ ይዛ፣ ሎዛን ላይ ደወለች። አይነሳም። ፍሪቡርግ ላይ ደወለች። አይነሳም። በርን ላይ «ስልኩ ዝግ ነው» አላት። ሦስት ዓመት ፈልጎ፣ አግኝቶ፣ በመጨረሻው ሰዓት መቀደም! ፊት ለፊቷ የተቀመጠ ሰውዬ ጋዜጣ ይገልጣል። የጋዜጣው ድምፅ ራሱ አናደዳት። ስሙን በልቧ ደጋገመችው፤ የምትረሳው መሰላት። ቆየት ብሎ ደግሞ ሌላ ነገር መጣባት፦ በስልክ ስምሽን ንገሪኝ ብዬ ባላስጨንቃት ኖሮ፣ ቢያንስ ድምፄን እየሰማች… እሱን ሐሳብ ገፋችው። ተመልሶ መጣ። ገፋችው።

ዙሪክ ደርሳ አሥራ አራት ቁጥር ትራም ላይ ወጣች። ዜባህ ወርዳ እስከ ቤቷ ያለውን መንገድ በስልሳ ስድስት ዓመቷ ሮጠች። ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም። ቁልፉ በሩ ውስጥ አልገባ ብሎ ሲያስቸግራት በሩ ከውስጥ ተከፈተ።

ኤዶም ናት። ኮሪደሩ ውስጥ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ቆይታ ነው የተነሳችው።

«ስልክሽን ለምን ዘጋሽ?» አለች አፀደ።

«አያቴ ናት! አጥፊው አለችኝ! በስልክ ትነግረኛለች ብላ ፈርታ! እኔ ዛሬ ሙሉ ቀን ኮሪደር ውስጥ ነኝ ማሚ፣ ውጪ፣ ግቢ፣ ውጪ…»

አፀደ ግድግዳውን ተደግፋ ጫማዋን አወለቀች። ከዚያ ገባች።

ወይዘሮ ብዙነሽ ያስጠሯቸው ቀሲስ ቃለጽድቅ ከአልጋው አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ወይዘሮ ብዙነሽ ዓይናቸው ተከድኗል። እጃቸው ቀዝቅዟል። አፀደ እጃቸውን ስትይዝ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ።

«ማነው ያለው?»

«እኔ ነኝ። አባም አሉ።»

«አባ ይቆዩ» አሉ።

አፀደ ጎንበስ ብላ በጆሯቸው ተናገረች። ስሙን፣ ላስታን፣ ሦስት ጣቱን። በማን ወገን ሆኖ እንደቆሰለ። በመጨረሻም፣ በዘጠነኛው ቀን፣ ሲሞት ያለችው አንዲት ሴት ልጅ ብቻ እንደሆነችና ስሟን ለቄሱ አስጽፎ እንደሞተ።

 አፀደ አለፉ ይሆን ብላ የእናቷን ደረት አየች። ከዚያ ዓይናቸውን ሳይከፍቱ፣

«ወልደ ሰማዕት» አሉ። ቅምስ እንደሚያደርግ ሰው። «ወልደ ሰማዕት። አባ፣ ይያዙልኝ።»

ቀሲስ ቃለጽድቅ ከቀሚሳቸው ኪስ ትንሽ ደብተራቸውን አውጥተው ጻፉት፤ ተነስተውም መስቀላቸውን ያዙና ወደ ምሥራቅ ዞሩ። ጸሎቱን ቀስ ብለው ጀመሩ። ስሙ ጋ ሲደርሱ ወይዘሮ ብዙነሽ የአፀደን እጅ ጨመቅ አደረጉ። ጸሎቱ እስኪያልቅ አልለቀቁትም።

ሲያልቅ ዓይናቸውን ከፈቱ። ልጃቸውን፣ የሩጫው ላብ ያልደረቀበትን ፊቷን፣ አተኩረው አዩ።

«ያንቺንስ ማን ያውቀዋል?»

«ምኑን?»

«ስምሽን።»

 የአፀደ አባት ከሞተ ሃያ ዓመት አልፏል። ክርስትና ያነሷት ሴት በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ እንኳን አታውቅም።

«አንቺ» አለች።

«ከኔ ሌላ?»

«ማንም።»

ወይዘሮ ብዙነሽ ቄሱን ቀና ብለው አዩ፤ ቀሲስ ቃለጽድቅ ሳይነገራቸው ወጡ። ከበሩ ውጪ ኤዶም «አባ፣ እርስዎም?» ስትል ተሰማ።

«በይ እንግዲህ» አሉ ወይዘሮ ብዙነሽ፤ «ጆሮሽን አምጪ።»

አፀደ ጎንበስ አለች።